የሟቹ ነጥብ

ካሳ ላይ የተቀመጠች ሴት አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ትሥራ ይላሉ። ኤዲያ! እኔ ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ባር ካሳ ላይ፣ ሒሳብ መቀበያው ወንበር ላይ ማለቴ ነው፣ ለዓመታት ስቀመጥ አንገቴን የደፋሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የማኪና እሽቅድድም ወሬ ሲነሳማ ከወንዶቹ ሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። አሁንም አይቆጨኝም።

የምላችሁ እሽቅድድም ያ የዓለሙ ትልቁ ነው። ጎማዎቻቸው ከአካላቸው ውጭ የወጡ፣ ነጂው ተንጋሎ የሚገባባቸው፣ ሁለተኛ ሰው የማይዙ ማኪናዎች። አንዳችንም በዓይናችን አይተናቸው አናውቅም። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጋዜጣው ነው፤ ከጣልያን በአውሮፕላን ይመጣል፣ እሑድ የተሮጠውን እኛ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ እናገኘዋለን። ታዲያ ባራችን የራሷ ሕግ ነበራት። ጋዜጣው እንደታጠፈ እኔ ካሳ ሥር ይቀመጣል። አመሻሹ ላይ ሰው ከሥራ ሲወጣ ሁሉም ይሰበሰብና እኔ ከመነሻው ጀምሬ አነባለሁ። መጨረሻውን አስቀድሞ ማየት ክልክል ነው! በሬዲዮ የሰማ ካለ እንዳልሰማ ሆኖ ይቀመጣል፤ አፉ ካመለጠው የሁላችንንም ማኪያቶ ይጋብዛል። እናም ከቀናት በፊት ያለቀውን ውድድር ልክ አሁን እንደሚሮጥ አድርገን «ንዳው! ንዳው እንጂ!» እያልን ጠረጴዛ እንደበድባለን።

የማነበው እኔ የሆንኩት ጣልያንኛውን ከደናግል ትምህርት ቤት ስላገኘሁት ነው። አማርኛውን ደግሞ መንግሥት ትምህርቱም ቢሮውም በአማርኛ ይሁን ሲል ወደድንም ጠላንም ተማርነው። ከደንበኞቻችን አንዱ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህር ነበር። ጣልያንኛም ትግርኛም አይሰማም፤ ግን እንደ እሱ ያለ የውድድር ወዳጅ የለም። አንድ ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ነፍሴን ያወጣታል። ስለዚህ ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ እያገላበጥኩ፣ ሲቸኩለኝ ትግርኛዬን እየቀላቀልኩ ነበር የማነበው።

አንድ ቀንማ ጩኸታችንን ሰምቶ ፖሊስ ገባ። ጊዜው ሰው ሰብሰብ ሲል የማይወደድበት ጊዜ ነው። «የምን ስብሰባ ነው ይሄ?» ሲል ሁላችንም ድርቅ አልን። መምህሩ ግን ተነስቶ «ጌታዬ፣ ቀዩ ማኪና ጎማ ሊቀይር ቆሟል» አለው። ፖሊሱ ትንሽ አሰበና «ታዲያ ቀደሙት?» ብሎ ወንበር ስቦ ቁጭ!

ቀዩ ማኪና የጣልያኑ ነው። አብዛኞቻችን የቀዩ ደጋፊዎች ነበርን፤ አለቃችን ደግሞ ሱቁ ከባሩ ጎን የሆነው ፀጉር አስተካካይ ነው። ወይ እሱ! አንድ ዋንጫ ነበረችው፤ ሽቶ ጠርሙሶቹ መሐል፣ መስታወቱ ፊት የቆመች። የባራችን የቢልያርድ ውድድር ዋንጫ ናት። ደንበኛው ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ መናገር በማይችልበት ሰዓት፣ ዋንጫዋን እንዴት እንዳገኛት ከሀ እስከ ፐ ይተርክለታል።

እንዴት እንዳገኛት ግን እኔ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከቢልያርዱ ጠረጴዛ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሽቦ ላይ የተሰኩ የእንጨት ዶቃዎች ነበሩ። የጨዋታ ነጥብ የምንይዘው በእነሱ ነው። ባለቤቱ፣ ኣቦይ እንለዋለን፣ ሽማግሌ ነው፣ ተጨማሪ ሽቦዎች አስገጥሞ የእሽቅድድሙንም ነጥብ እዚያው ይይዝ ጀመር፤ ለእያንዳንዱ ነጂ አንድ ሽቦ። በዚያን ጊዜ ነጂዎቹ በየዓመቱ ይሞቱ ነበር። አንዱ ሲሞት ኣቦይ ይነሳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ የሟቹን ዶቃዎች በእጁ ጠርጎ ወደ ባዶው ጫፍ ይመልሳቸዋል። «ሙት አይጫወትም» ይላል። ማንም ተከራክሮት አያውቅም፤ ለሟች የሚደረግ ክብር ነው ብለን ነበር የምናስበው።

ከመስቀል በኋላ ተጀምሮ ለገና በሚያልቀው የቢልያርድ ውድድራችን፣ በዚያ ዓመት ሁሉንም እየረታ የመራው አንድ የጭነት ማኪና ነጂ ነበር። ሳቂታ፣ ቀልደኛ፣ ሲገባ ባሩ የሚሞላ የሚመስል ልጅ። ወንድሙ መካኒክ ነው፤ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ የሚመጣ። ገና ሲቃረብ ነጂው ጭነት ይዞ ወደ ምጽዋ ወረደ። ቤት ጊዮርጊስን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጉም ነበር። አልተመለሰም።

ከቀብሩ ማግስት ኣቦይ ባርኔጣውን አውልቆ የልጁን ዶቃዎች ጠረገ። የቀሩት ጨዋታዎች ቀጠሉ፣ ፀጉር አስተካካዩ አንደኛ ሆነ፣ ዋንጫዋን ወሰደ። የእሱ ዶቃዎች ግን ሟቹ ደርሶበት የነበረው ቦታ ድረስ አልደረሱም ነበር። ይህን ሁላችንም አይተናል። መካኒኩ ጥቁር ጨርቅ ደረቱ ላይ ሰክቶ መጣና «ሓወይ ያገኘውን ማን ይወስድበታል?» አለ። ሓወይ ወንድሜ ማለቱ ነው። እኔ ሒሳብ መቁጠሬን ቀጠልኩ። ወጥቶ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ለወራት ደጃችንን አልረገጠም።

ያን ሰውዬ መልሶ ያመጣልን እሽቅድድሙ ነው። ፋሲካ አልፎ አንድ አመሻሽ ሳነብ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። የማነበው እንግሊዝ ሠራሽ ማኪና ስለሚነዳ አንድ ደፋር ነጂ ነበር። ሰውዬው ከኋላ ሆኖ አንዱን ሲያሳድድ፣ ሲያሳድድ፣ በመጨረሻው ዙር መጨረሻ መታጠፊያ ላይ ፊተኛው ደነገጠና ዳር ካለው የጭድ ክምር ጋር ተላተመ፤ ደፋሩ በጎኑ ሹልክ! «ወይ ጉድ!» ብዬ ጋዜጣውን ወረወርኩት። በሩ ላይ የቆመው መካኒክ ሲስቅ ሰማሁ። ከወንድሙ ሞት ወዲህ ሲስቅ መጀመሪያው ነው። «ሓወይ እንዲህ ነበር የሚነዳው» አለና ገብቶ ተቀመጠ። እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ አድርጌ እንደ ድሮው ሻሂ አዘዝኩለት።

ያ ክረምት! ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ እኛ ውስጥ ስንጯጯህ። ደፋሩ በአንዱ ውድድር ያሸንፋል፣ በሚቀጥለውም ያሸንፋል። ዶቃዎቹ ሽቦው ላይ ይከመራሉ። ፀጉር አስተካካዩ ቆሽቱ አሮ «ማኪናው ነው እንጂ እሱ ምን አለው!» ይላል። መካኒኩ «እንግዲያው አንተን እናስቀምጥህ እዚያ ማኪና ላይ፣ ምላጭህን ይዘህ» ይለዋል። ዝምተኛው ሰውዬ ምላስ አወጣ! እኔ የቀዩ ደጋፊ ነኝ፣ ደሜም ቀይ ነው፣ ግን መካኒኩ እንዲያ ሲያወራ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አዲሱ ዓመት ሊገባ ሲል የጣልያኑ ውድድር ደረሰ። ጋዜጣውን ገለጥኩና የመጀመሪያውን መስመር አየሁ። ደፋሩ ሞቷል። ውድድሩ እንኳ ሳይጀመር፣ በልምምድ ላይ። ያን ቀን ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻልኩም፤ ጋዜጣው ታጥፎ ቀረ። ኣቦይ ተነሳ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እጁን ወደ ሽቦው ዘረጋ። መካኒኩ «አሁንም?» አለ። አንዲት ቃል ብቻ። ዶቃዎቹ ግን ተጠረጉ። ቀዩ ማኪና በእኛ ግድግዳ ላይ ወደ አንደኛነት ተጠጋ፤ ፀጉር አስተካካዩም ቢሆን ያን ቀን አልጨፈረም።

በሚቀጥለው ውድድር ቀዩ ማኪና አሸነፈ። እሰይ! ጠረጴዛው ላይ አልወጣሁም ብል ውሸት ነው። ፀጉር አስተካካዩ መምህሩን አቅፎ አሽከረከረው፤ ኣቦይ ዶቃዎቹን ሲገፋ ቀዩ ከሁሉም በላይ ሆነ። «አንደኛ ነን! የዓለም አንደኛ!» መካኒኩ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሻሂውን ያማስላል፤ ስኳር እንኳ አልጨመረበትም።

እኔም ደስታው ስላሰከረኝ የቀረውን እያነበብኩ ወደ ታች ወረድኩ። ታች ላይ የነጥቡ ሠንጠረዥ አለ። አየሁት። እንደገና አየሁት።

«ምነው? ምን አለ?» አለ መምህሩ።

«አንደኛው… ሟቹ ነው» አልኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ፈነዳ። «አታሚው ሰክሮ ነው! የሞተ ሰው እንዴት አንደኛ ይሆናል?»

«ነጥቡ ይቆጠራል ይላል፤ ያገኘውን ያህል ተይዞለታል። ቀዩ ገና ከሥሩ ነው።»

«ኧረ በስመአብ! ነጥብ ምን ሊያደርግለት? መቃብር ውስጥ ሊነዳበት ነው?»

መምህሩ ጣቱን አነሳ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ሰው ሲሞት ያፈራው ንብረት አብሮት ይቀበራል እንዴ?»

«ይሄ ቤትና መሬት አይደለም!»

«በላቡ ያገኘው አይደለም ወይ?»

ሁሉም ባንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ። ለካ ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ሟች፣ ዶቃውን ስንጠርግ በዓለም ላይ እንዲያ የምናደርገው እኛ ብቻ ኖረናል! የትም ያልተጻፈ፣ ኣቦይ ከራሱ ያመጣው ሕግ ነው። ኣቦይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። ያኔ መካኒኩ ቆመ። ሲቆም ጩኸቱ ሁሉ ረገበ።

«እስቲ እንደገና አንብቢው» አለኝ። አነበብኩለት።

«የዓለም ሕግ ይሄ ከሆነ» አለ፣ «ሓወይስ? ወደ ምጽዋ ሲወርድ ለእናቴ ምን ብሏት እንደወጣ ታውቃላችሁ? ‹ለገና ዋንጫ ይዤልሽ እገባለሁ፣ ቦታ አዘጋጂልኝ› ነው ያላት። ዶቃው የት ደርሶ እንደነበር ሁላችሁም አይታችኋል። የደረሰበት የለም። ዋንጫዋ የእሱ ናት።»

ፊቱን ወደ ፀጉር አስተካካዩ አዞረ። ፀጉር አስተካካዩ እንደ በርበሬ ቀላ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ እሱ ግን ዝምታ የሚባል ነገር አያውቅም። «ገና ሁለት ውድድር አለ!» ብሎ ጮኸ። «የእኔ ቀይ ማኪና ሟችህን ያልፈዋል! ካላለፈው ዋንጫዋን በዚህ በገዛ እጄ አመጣታለሁ። ካለፈው ግን ሁለተኛ ስለ ዋንጫ እንዳታነሳብኝ!»

«እወ» አለ መካኒኩ። እሺ ማለቱ ነው። ተጨባበጡ፤ ሁላችንም ምስክር።

እንግዲህ ሒሳቡ ይሄ ነው፦ ቀዩ ሁለቱንም ውድድር ማሸነፍ አለበት፤ አንዱን ከሳተ ሟቹ አሸናፊ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት አሳለፍኳቸው? ሰው ማኪያቶ ሲያዝ ሻሂ አስመጣለሁ። መስቀል መጣ፣ ሄደ፤ እኔ ደመራውን እያየሁ የማስበው ቀዩን ማኪና ነው። እንዲያሸንፍ እፈልጋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን የደገፍኩት ነው! ደግሞ መካኒኩ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሳየው አንጀቴን ይበላዋል፤ እንዲሸነፍም እፈልጋለሁ። ራሴን ተናደድኩበት። አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት በጎዳይፍ በኩል አውሮፕላን ዝቅ ሲል ባየሁ ቁጥር ካሳዬን ትቼ በር ላይ እቆማለሁ።

ጋዜጣው የመጣ ዕለት ባሩ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ያ ፖሊስ እንኳ ከፊት ወንበር ይዞ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ዘግይቶ ገባ፤ ደንበኛ አንገት ላይ በሚያስረው ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፣ ለእጥበት የሚወስደው መሰለኝ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና «አንብቢ ጓለይ፣ አንብቢ ልጄ፣ ጠላት ይፈር!» አለ።

አነበብኩ። ቀዩ ከፊት ረድፍ ተነስቷል። ባሩ «ንዳው!» አለ። ሁለተኛ ሆኖ ያሳድዳል። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ጋልቦታል፤ «እለፈው! ምን ትጠብቃለህ፣ እለፈው!» እያለ ጥቅሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። መካኒኩ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሐል ጨምቆ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት ይሁን ስድብ አላውቅም።

ቀጣዩን መስመር አነበብኩ። የቀዩ ማኪና የነዳጅ ቱቦ ተሰብሯል። ገብቶ ቆመ።

«አይ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ አስሩለት! ሰነፎች!»

ተጠግኖ ወጣ፤ ግን ብዙዎች አልፈውታል። እንዴት እንደነዳ! አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ከሁሉም ፈጥኖ እየበረረ ነው ይላል ጋዜጣው። ፖሊሱ ቆሟል። መምህሩ «ምን አለ?» ማለቱን ረስቶ አፉን ከፍቷል። እኔ እያነበብኩ ሁለቱንም እለምናለሁ፤ ድረስም እላለሁ፣ አትድረስም እላለሁ። አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። አልደረሰም። ያሸነፈው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሟቹ ባልደረባ፣ ያንኑ ዓይነት ማኪና የሚነዳ አዲስ ልጅ!

«የዓለም ሻምፒዮን…» አልኩና ቀሪውን መጨረስ አቃተኝ። እንባዬ መጣ። እኔ፣ ቀይዋ! ደስታ ነበር፤ ደስ አለኝ እላችኋለሁ።

መካኒኩ በዘይት የጠቆሩ እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጥቅል ፈታ። ዋንጫዋ ናት። በምላጭ መሳያው ቆዳ ሳይሆን አይቀርም ያሻት፣ እንደ አዲስ ታበራለች።

«አንተ!» አልኩት። «ታውቅ ነበር!»

«ሰኞ ጠዋት ነው የሰማሁት» አለ። «አንድ ጣልያናዊ ስላጨው በሬዲዮ ሰምቶ ነገረኝ። ጉሮሮውን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም።»

«ታዲያ ምን አስጮኸህ እንዲህ?»

«ሕግ ነዋ! እንዳልሰማሁ መሆን የለብኝም?» ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ደግሞ ምናልባት ሲነበብ ይቀየር ይሆናል ብዬ።»

ሳቅን፤ እንባችን እየወረደ ሳቅን። ዋንጫዋን ወስዶ መካኒኩ እጅ ላይ አኖራት። «ወንድምህ በቁሙም ይረታኝ ነበር» አለው። «የቐንየለይ» አለ መካኒኩ፤ አመሰግናለሁ ለማለት ከዚያ በላይ ድምፅ አልነበረውም።

ኣቦይ ከወንበሩ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ። በመጀመሪያ የደፋሩን ዶቃዎች ወደ ቦታቸው መለሰ። ከዚያ ወደ ታችኛው ሽቦ፣ ወደ ቢልያርዱ ወረደና የመካኒኩን ወንድም ዶቃዎች አንድ በአንድ ይገፋ ጀመር። የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማንም አልነገረውም፤ ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መካኒኩ ወደ እናቱ ቤት አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። «እኔ ማስረዳት አልችልም፣ አንቺ ምላስ አለሽ» አለኝ። አውቶቡስ ተሳፍረን ጎዳይፍ ወረድን፤ ዋንጫዋን በዚያው በነጭ ጨርቅ ጠቅልሏት እንደ ሕፃን ይዟታል። በመንገዱ ሁሉ ለእናቲቱ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ስለ ደፋሩ ነጂ፣ ስለ ነጥቡ፣ ስለ ሕጉ። ከየት ልጀምር?

እናቲቱ ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተች። ሳሎኑ ትንሽ ነው፤ ቡፌው በብርጭቆ፣ በሳህን፣ በፎቶ ታጭቋል፣ መርፌ መጣያ የለውም። መሐሉ ላይ ግን ዳንቴል የተነጠፈበት ባዶ ቦታ አለ። የአንድ ዋንጫ ያህል።

አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንድም ቃል አልወጣኝም። እሷም አልጠየቀችንም። ጨርቁን ገለጠችና አየች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዳንቴሉን ጠረግ ጠረግ አድርጋ ዋንጫዋን እዚያ ላይ አቆመቻት። ከዚያ በእጇ መዳፍ ዳበሰቻት።

«ደንጒኻ ዝወደይ» አለቻት። ዘገየህ፣ ልጄ።